የሲኒው ጀርባ

አያቴ ቤት፣ ቦንጋ ከተማ ዳር፣ ሁለት ዓይነት የቡና መጠጫ ነበር። አንደኛው ረከቦቱ ላይ የሚደረደሩት ነጫጭ ሲኒዎች ናቸው። ሁለተኛው ከጓዳው በር ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ምስማር የሚንጠለጠል አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ከሰል የሚያመጣልን ሰውዬ ሲመጣ አያቴ ከዚያው ከእኛው ጀበና በጣሳው ትቀዳለታለች። ሰውዬው ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፤ ሲጨርስ ጣሳውን ራሱ ያለቀልቃል፣ ራሱ መልሶ ይሰቅለዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በዚያ ጣሳ ውሃ ልጠጣ ስል አያቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። ‹‹የእነሱ ነው›› አለችኝ። አልተቆጣችም። እሳት እንደሚያቃጥል፣ ዝናብ እንደሚያረጥብ በምትነግረኝ ድምፅ ነው የነገረችኝ። ‹‹እነሱ›› እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ማንጆዎቹን ማለቷ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንዳወቅኩ ግን ማንም የነገረኝ አይመስለኝም።

ጣሳውን ለብዙ ዓመታት ረሳሁት። ያስታወሰኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በጀርመንኛ የሚጽፍ አንድ የሂሳብ ሰው ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የፍልስፍና መግቢያ ኮርስ ነበረን። ሃንድአውቱ ውስጥ ‹‹ፌኖሜኖሎጂ›› የሚል ርዕስ ያላት ግማሽ ገጽ ነበረች። መምህራችን ‹‹ይቺ ፈተና ላይ አትመጣም›› ብሎ ዘለላት። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ማንበብ ልማዴ አልነበረም፤ ያቺን ግን ስሟ ስለከበደኝ አነበብኳት። (አሁንም ስጠራት ምላሴ ይተሳሰራል።)

ስለ ፌኖሜኖሎጂ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንዲት ወሬ አለች፤ እኔም አልዘላትም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1932 አልቆ 1933 ሊገባ ሲል ወይም እንደገባ ነው። ቦታው ፓሪስ፣ ሞንፓርናስ ሰፈር፣ ቤክ ደ ጋዝ የተባለ መጠጥ ቤት። ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል፦ ዣን ፖል ሳርትር፣ ሲሞን ደ ቦቯርና ከበርሊን ለእረፍት የመጣው ጓደኛቸው ሬይሞን አሮን። አሮን ጀርመን አገር አዲስ ዓይነት ፍልስፍና እያነበበ ነበር። ፊቱ ያለውን የአፕሪኮት ኮክቴል አሳያቸውና፣ የዚህ መንገድ ተከታይ ከሆንክ ስለዚህ ብርጭቆ ማውራት ትችላለህ፣ ወሬውም ፍልስፍና ይሆናል አለው ለሳርትር። ቦቯር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ ላይ እንደምትለው ሳርትር በስሜት ፊቱ ነጣ። (ኋላ ላይ ‹‹የለም፣ ቢራ ነበር›› ያሉም አሉ። መጠጡ የቱም ይሁን ብርጭቆ ነበር።) በ1933 ሳርትር ሻንጣውን ይዞ በርሊን ገባ፤ አንድ ዓመት ይህንኑ ሲያጠና ከረመ።

አንድ ብርጭቆ አንድን የተማረ ሰው እንዴት ያስደነግጠዋል? የፍልስፍና መምህራን ለዘመናት ‹‹ከአእምሮዬ ውጭ ዓለም መኖሩን በምን አረጋግጣለሁ?›› እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ጥያቄው ራሱ አእምሮን እንደ ጎተራ ያስበዋል። ዓለም ውጭ ናት፣ እኔ ጎተራው ውስጥ ነኝ፣ የሚደርሰኝ የነገሮች ምስል ብቻ ነው። አዲሱ መንገድ ይህን ጎተራ አፈረሰው። ጠጪው ከምስል ጋር ሳይሆን ከብርጭቆው ጋር ነው ያለው።

የመንገዱ ጀማሪ ኤድመንድ ሁሰርል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1859 በሞራቪያ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንለው አገር፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ቪየና ላይ በሂሳብ ዶክትሬቱን ካገኘ በኋላ ፍራንዝ ብሬንታኖ የተባለ መምህር ሲያስተምር ሰማና ልቡ ወደ ፍልስፍና ዞረ። በ1900 እና በ1901 ‹‹ሎጂካዊ ምርመራዎች›› የተባለውን ሥራውን አወጣ። መፈክሩ አጭር ነበር፤ ወደ ነገሮቹ ወደ ራሳቸው መመለስ። የትምህርቱ ስም የመጣው ደግሞ ‹‹የሚታይ፣ የሚገለጥ›› ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ኤጲፋንያ የሚለውም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ እኛ ጋ ጥር ሲገባ አስተርእዮ የምንለው። ስለዚህ አንድ ደፋር ተርጓሚ ‹‹የአስተርእዮ ጥናት›› ብሎ ቢተረጉመው ከብዙዎቹ የመማሪያ መጽሐፍ ትርጉሞች ይልቅ ወደ ነገሩ ይጠጋል ባይ ነኝ።

በረከቦት እንሞክረው። አንድ ሲኒ ተመልከቱ። አሁን የምታዩት ፊቱን ነው፤ ጀርባውን አታዩትም። ሆኖም ‹‹ግማሽ ሲኒ አየሁ›› የሚል ሰው የለም። ጀርባው ከየት መጣ? ሁሰርል እንደሚለው ማየት ራሱ ከሚታየው በላይ ያልፋል። ሲኒውን ባዞረው ጀርባው እንደሚመጣ፣ ከሥሩ ትንሽ አተላ እንደሚኖር አስቀድሜ ጠብቄያለሁ። ያዞርኩት እንደሆነ ደግሞ አሁን የማየው ፊት በተራው ይሰወራል። ከየትኛውም ቦታ ቢታይ ሁሉ ጎኑ ባንዴ የሚታይ ሲኒ የለም። ህሊና ሁልጊዜ የአንድ ነገር ህሊና ነው፤ ወደ አንድ ነገር ያነጣጥራል። ማየት፣ ማስታወስ፣ መናፈቅ፣ መጠየፍም ሳይቀር ወደ የሆነ ነገር ነው።

ይህን ለማየት ግን አንድ ነገር ማድረግ ያስፈልጋል። በዘወትር ኑሯችን ‹‹እንዲህ ነዋ!›› እያልን ነው የምናልፈው። ሲኒ ሲኒ ነው፣ ጎረቤት ጎረቤት ነው፣ የእነሱ የእነሱ ነው። ሁሰርል ይህን ‹‹እንዲህ ነዋ››ን ለጊዜው በቅንፍ አስቀምጡት ይላል፤ ቃሉ ኤፖኬ ነው፣ ማቆም ማለት። ብዙዎች ይህን መካድ ወይም መጠራጠር ይመስላቸዋል። አይደለም። ዳኛ ቀጠሮ ሲሰጥ እንደማለት ነው። አልፈረደም፣ መዝገቡንም አልዘጋም፤ ነገሩን በደንብ ሊያየው ፈልጎ አቆየው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው እኔን ወደ አያቴ ቤት የመለሰኝ። የሲኒውን ጀርባ እኔ አላየውም ብያለሁ። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ግን እያየው ነው። ሁሰርል እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ላይ በሰጣቸው ንግግሮች፣ በ1931 ደግሞ እነሱን አስፍቶ በፈረንሳይኛ ባወጣው መጽሐፍ (ከተርጓሚዎቹ አንዱ ወጣቱ ኢማኑኤል ሌቪናስ ነበር) እዚህ ላይ ብዙ ደክሟል። ዓለም የእኔ ህልም ሳትሆን የሁላችን ዓለም የምትሆነው ሌሎችም ከየተቀመጡበት ስለሚያዩዋት ነው። እኛ አገር ቡና በክብ ነው የሚጠጣው፤ እያንዳንዱ የሌላውን ሲኒ ጀርባ ያያል። ታዲያ ክቡ ውስጥ ያልተቀመጠ፣ ደጅ የቀረ ሰውስ? እሱ ካለበት የሚታየውን ጎን ማን ይነግረናል?

እዚያ ከመድረሴ በፊት ቅንፉን አገሬ ላይ ልሞክረው። ከስሟ ልጀምር። ብዙ ጊዜ ‹‹ከፋ›› ተብላ ነው የምትጻፈው። ዶርም ውስጥ ‹‹የት ነው አገርሽ?›› ሲሉኝና ስነግራቸው ‹‹ማን አስከፋሽ?›› እያሉ አራት ዓመት ቀልደውብኛል። ‹‹ካፋ›› ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ፍየል ጠባቂው ካልዲ ይመጣል። በኛ በኩል ታሪኩ የተፈጸመው ቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ ጫካ ነው ይባላል። ነገር ግን የእረኛውን ወሬ በመጽሐፍ ያሳተመው ፋውስጦስ ናይሮን የተባለ የማሮናይት ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1671፣ ሮም ላይ፣ በላቲን። እዚያ ውስጥ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ ካፋም የለችም። የቡና የፈረንጅ ስም ከካፋ መጣ ወይስ ከአረብኛው ‹‹ቀህዋ›› የሚለው ክርክርም አልተቋጨም።

ካልዲ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ቀጠሮ ሰጠሁት። ካልዲን ለጊዜው ከፊታችን ስናነሳው ምን ይቀራል? ጫካው ይቀራል። የጫካ ቡና እንደ ጓሮ ቡና ተኮትኩቶ ተገርዞ በመስመር አይቆምም። ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በጥላ፣ ቀጥኖና ረዝሞ ይወጣል፤ ፍሬው ጥቂት ነው፤ ለቃሚው ግንዱን ጎንበስ አድርጎ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይለቅማል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ትልልቅ ፌስታሎቻችን ላይ ‹‹የቡና መገኛ›› ብለን የምናሳትመው ቦታ ሰው ሲገባበት እንዲህ ነው፤ እርጥብ፣ ጨለምለም ያለ፣ ዝምታው የሚያስፈራ።

ካፋን ለአውሮፓ በዝርዝር ያስተዋወቀው ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ዩሊየስ ቢበር ነው። እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ የካፋ መንግሥት በአፄ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በተማረከ በስምንተኛው ዓመት። ሽማግሌዎችን ጠይቆ፣ ጽፎ፣ በ1920 እና በ1923 ‹‹ካፋ›› በሚል ርዕስ ሁለት ቅጽ አወጣ። ባይጽፈው ኖሮ የጠፋ ብዙ ነገር ነበር፤ ምስጋና ይገባዋል። ግን ንዑስ ርዕሱ ላይ ገና ሳይጀምር ‹‹ጥንታዊ ኩሻዊ ሕዝብ›› ብሎናል። የአያቴ አያት በ1905 የኖረችው በ1905 ነው እንጂ በጥንት አይደለም! በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ሁሰርል ጀርመን አገር፣ ገቲንገን ላይ፣ ሰው ጊዜን በህሊናው እንዴት እንደሚኖረው ያስተምር ነበር። አሁን የሚባለው ቅጽበት ያለፈውን ትንሽ ይዞ፣ የሚመጣውን ትንሽ ጠብቆ ነው የሚኖረው ይል ነበር። ቢበር ያንን ትምህርት ቢሰማ ኖሮ ትናንት ንጉሣቸውን የተነጠቁ ሰዎችን ‹‹አሁን›› በጥቂቱ ይጠይቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ምኞት ነው።

ሁሰርል ሲያረጅ ጥያቄው ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቪየናና ፕራግ ላይ ተናገረ፤ በ1936 ስለ አውሮፓ ሳይንሶች ቀውስ የጻፈው መታተም ጀመረ። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከጋሊልዮ ወዲህ ዓለምን በቁጥር መለካት ተማርን፤ ልኬቱ ስለሠራልን ልኬቱን ራሱን ዓለም አድርገን ያዝነው። ከልኬቱ በፊት ግን የምንኖርባት ዓለም አለች፤ የምንረግጣት፣ የምንሸታት፣ ተለክታ የማታልቅ። የኑሮ ዓለም ሊላት ይቻላል። ለካፋ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ጫካችን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ቡናው ነጥብ ይሰጠዋል፣ ዝርያው ይቆጠራል። መልካም ነው፤ ባይለካ ተመንጥሮ ባለቀ ነበር። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሰቀለው ሰው ግን ጫካውን በሄክታር አያውቀውም። በመንገድ፣ በጠረን፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ‹‹የካፋ የኑሮ ዓለም›› ብዬ በጫካና በማር አሳምሬ ልጨርስ ነበር። ከዚያ ጣሳው ትዝ አለኝ።

ጣሳውም የኑሮው ዓለም ነዋ! ማንጆ የምንላቸው ሰዎች የሚናገሩት እንደኛው ካፊኖኖ ነው። ጥንት በአደን ይኖሩ ነበር፤ ኋላ እንጨትና ከሰል ወደ ከተማ ማውረድ ኑሯቸው ሆነ። ‹‹የማይበላ ሥጋ ይበላሉ›› ተብለው ጋብቻ ተከለከሉ፣ ማዕድ ተከለከሉ፣ ከቤት መግባት ተከለከሉ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። በእኛ ቤት ግን ጣሳውን ከምስማሩ ያወረደው አንቀጽ አልነበረም። ምክንያቱም ጣሳው ሕግ አልነበረም፤ ሐሳብ እንኳን አልነበረም። አያቴን ‹‹ማንጆ ከሰው ያንሳል ወይ?›› ብላችሁ ብትጠይቋት ‹‹እንዴት እንዲህ ይባላል!›› ብላ ታማትብ ነበር። ጣሳውን ግን ትሰቅላለች።

ይህን በደንብ የገባው የሁሰርል ተከታይ አልፍሬድ ሹትዝ ነው። የቪየና ሰው፣ ቀን ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ማታ ፍልስፍና የሚጽፍ፤ በናዚዎች ምክንያት ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ የገባ። ማኅበረሰብ የሚቆመው ማንም በማይጠይቀው እውቀት ላይ ነው ይላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ ማን በምን እንደሚጠጣ። ያ እውቀት የሚታየው ለእንግዳ ነው። ‹‹እንግዳው›› የሚል ድርሰቱን በ1944 አሳትሟል። ስምንት ዓመቴ ላይ ለአንድ ደቂቃ የገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ተመልሼ ለመድኩት።

ፈላስፎቹ ራሳቸው ከዚህ ነፃ ነበሩ እንዳይመስላችሁ። ሁሰርል በአይሁድነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ታገደ። በዚያው ወር የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ የተመረጠው የገዛ ደቀ መዝሙሩ ማርቲን ሃይደገር ነው፤ በግንቦት መግቢያ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በ1927 ‹‹ኅላዌና ጊዜ›› የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ለመምህሩ መታሰቢያ አድርጎ ነበር፤ የ1941ዱ እትም ላይ መታሰቢያው የለም። የሚገርመው ይኸው ሃይደገር በ1950 ስለ አንድ የመጠጥ ማሰሮ ንግግር አድርጓል። ማሰሮውን ማሰሮ የሚያደርገው ሸክላው አይደለም፣ መቅዳቱ ነው፤ በመቅዳት ውስጥ ምድርና ሰማይ፣ ሟቾችና አማልክት ይገናኛሉ ይላል። ስለ ጀበና የተጻፈ ነው የሚመስለው። ማን ደጅ እንደቀረ ግን አይጠይቅም። ሁሰርልም ቢሆን ከዩኒቨርሲቲው በተገፋ በሁለተኛው ዓመት፣ ቪየና ላይ፣ ስለ አውሮፓ መንፈስ ሲናገር ኤስኪሞዎችን፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና ጂፕሲዎችን ከዚያ መንፈስ ውጭ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ቅንፉን የፈለሰፈው ሰው የረሳው ‹‹እንዲህ ነዋ›› ነበረው።

በ1938 ሞተ። 40 ሺህ ገጽ ያህል በአጭር እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፋን ብሬዳ የተባለ ወጣት የቤልጅየም ፍራንቸስካዊ መነኩሴ በኤምባሲ በኩል ከናዚዎች ዓይን ሰውሮ ሉቨን ከተማ አስገባው። ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚያ ብርጭቆው ስንት እጅ እንደዞረ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1943 የሌላ ሰው ዓይን ሲያርፍብን ምን እንደምንሆን ጻፈ። ሜርሎ ፖንቲ በ1945 አካልን አነሳ፤ እጅ ከሐሳብ በፊት ያውቃል አለ። ቦቯር በ1949 ሴት መሆን ከውስጥ ሲኖር ምን እንደሆነ ጠየቀች። ፍራንዝ ፋኖን፣ የማርቲኒኩ ሐኪም፣ ሊዮን ሲማር ሜርሎ ፖንቲ ሲያስተምር ሰምቷል፤ በ1952 ግን የመምህሩን አካል ለጥቁር ሰው አይበቃም አለው። ባቡር ውስጥ አንድ ሕፃን በጣቱ እያመለከተ ሲፈራው፣ አካሉ የሱ መሆኑን አቁሞ የሌሎች ወሬ ሲሆን ይተርካል። ሁሰርል ሲኒውን ከጠጪው በኩል ካየው፣ ፋኖን ከጣሳው በኩል አየው።

ወደ አፍሪካም መጥቷል። ኤርትራ የተወለደው ፀናይ ሰረቀብርሃን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አፍሪካ ፍልስፍና የጻፈው መጽሐፍ ከሃይደገርና ከጋዳመር ተምሮ ከፋኖን ጋር የሚመክር ነው። ቤኒናዊው ፖለን ሁንቶንጂ ደግሞ ዶክትሬቱን የሠራው በሁሰርል ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ‹‹የአንድ ሕዝብ ሁሉ ፍልስፍና›› የሚባል ነገር የለም፣ ሕዝብ በአንድ አፍ አያስብም ብሎ ተከራከረ። ሁንቶንጂን ካነበብኩ ወዲህ ‹‹ካፋዎች እንዲህ ያምናሉ›› የሚል ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልችልም። የትኞቹ ካፋዎች? ረከቦቱ ጋ ያሉት ወይስ ደጅ ያሉት?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘገባ ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የማንጆ መንደር ሄጄ ነበር። በእድሜ እናቴን የምታህል አንዲት ሴት ቤት ገባሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዝም ብላ ቡና ቆላች። ሲደርስ በነጭ ሲኒ ቀዳችና በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ቀና ብላ ፊቴን አላየችም፤ ያየችው እጄን ነው። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ነው የሄድኩት፤ ስለ ቅንፍ፣ ስለ ፋኖን፣ ስለ ሁሉም አውቃለሁ። እጄ ግን ዘገየ። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ተቀበልኩና ጠጣሁ። ጨው ነበረበት፤ አያቴም በጨው ነው የምታፈላው።

ሴትየዋ ዓይኗን ከእጄ አነሳች። ‹‹ሁለተኛውን ትጠጫለሽ?›› አለችኝ።